የላይኛው ቋሚ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ «ሥራ የፈታ ሰው የፈጠረው ነው» ብዬ የማልፍ ሴት ነበርሁ፣ ጆሮዬ የሰማውን ግን ምን ላድርገው?

ልጄ እናኑ በያጅ ናት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የምትሠራውም በቤታችን የመንገድ በኩል ክፍል ውስጥ ነው፤ እሳቱ ዓይኗን ያጠፋብኛል እያልሁ ስሰጋ እውላለሁ። ያን ሳምንት ለአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት የደረጃ መደገፊያ ሠራች፣ ቀለሙ ከማይለቀው ቡናማ አሉሚኒየም። እሷ እንዳስረዳችኝ ቀለሙ ቅብ አይደለም፣ እንደ ቆዳ የያዘው ነው፣ የሚበየድበት ቦታ በሞረድ ተፍቆ ካልነጣ ብየዳው ላዩ ላይ ይለጠፋል እንጂ አይያያዝም።

ቅዳሜ ጠዋት ወስዳ ገጠመችው፣ ስትመለስ ምሳ ቀረብን። ከሥራ ክፍሉ የሞረድ ድምፅ መጣ፣ ክርር፣ ክርር፣ ዝም፣ ደግሞ ክርር። እናኑ ፊት ለፊቴ ናት፣ ጉርሻዋ በእጇ እንዳለ ቀረ። ሄጄ ከፈትሁት፤ እመኑኝ፣ ማንም የለም፣ ሞረዱም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

ስመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «እማ፣ ከመደገፊያው አንዱን ቋሚ ሳልፍቀው ነው የበየድሁት። መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ፣ ሳይጠፋብኝ ልጨርስ ብዬ...»

«የትኛውን?»

«የላይኛውን፣ ደረጃው ጫፍ ያለውን።»

«ሰኞ ሕፃን ቢደገፈውስ? ተነሽ!»

«ምሳሽን እንኳ ብይ...»

«ተነሽ ብዬሻለሁ!»

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ዘበኛው ጋሽ ሙሉ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ምን ረሳሽ? አሁን አይደል እንዴ የወጣሽው?»

«ከጠዋት ወዲህ አልመጣሁም፣ ጋሼ።»

«ኧረ ሂጂ ወዲያ! ላይ ቁጭ ብለሽ ስትሞርጂ አልነበረም? ብጠራሽ አልዞር ብለሽ!»

ደረጃውን ወጣን። የላይኛው ቋሚ ከመደገፊያው ተላቅቋል፣ ብየዳው እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሥቶ ደረጃው ላይ ወድቋል፣ ጫፉ ዙሪያውን ተፍቆ ነጭ ሆኗል፣ ሥሩም አዲስ ብናኝ አለ። ነካሁት፤ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ነው፣ የጉና ተራራ ብርድ ይገባበታል፣ እሱ ግን ይሞቃል።

እናኑ መደገፊያውን ፈታ ወሰደችው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እያንዳንዱን ቋሚ ፍቃ እንደገና በይዳ መልሳ ገጠመችው፣ ሕፃናቱም ደህና ናቸው፣ ተመስገን። የንስሐ አባቴ «ጠባቂ መልአኳ ይሆናል» አሉኝ። ይሁን አልሁ። ኋላ ግን ጋሽ ሙሉን ለብቻቸው አግኝቼ፣ ሲጠሯት ጭራሽ አልዞረችም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መሬት መሬት እያዩ «አንድ ጊዜ ዞራለች» አሉ። ፊቷ ምን ይመስል ነበር ብላቸው፣ ብለምናቸው፣ አማትበው ጥለውኝ ሄዱ።

አሁን እናኑ ፊቷን በብየዳ መሸፈኛው ሸፍና ስትሠራ፣ እስክታወልቀው ድረስ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።