ዲኗ ከወንበሯ የተነሳችበት ጠዋት

ሰውየው ቀና ብሎ እንኳን አላያትም። «ወረፋ ያዢ እህቴ» አላት።

እሷም ያዘች። የሕግ ፋኩልቲው ዲን ሆና ከተሾመች ገና ሳምንቷ ነበር፤ የመጣችውም ክፍሎቹን እየዞረች ልታይ፣ ያለ ቦታቸው የተያዙትንም ልታስለቅቅ ነው። ይህኛው በወረቀት ላይ የፎቶ ኮፒ ክፍል ነው። ውስጡ ግን ኮፒ ማሽኑ ወደ ጥግ ተገፍቶ የጃኬት ማስቀመጫ ሆኗል፤ በግድግዳው ሥር በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ከሥራ የተባረሩ ሰዎች፣ የልጅ ቀለብ የተከለከሉ እናቶች፣ ቤት ልቀቁ የተባሉ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ኋላ ያለው መምህር እጅጌውን ሰብስቦ የአንዲት ሴትዮን ጉዳይ እያስደጋገመ ይሰማል። አይቸኩልም። ሴትዮዋ ስታለቅስ ዓይኑን ወደ መስኮቱ ያዞራል እንጂ አያቋርጣትም። ዲኗ ተራዋን እየጠበቀች ያየችው ይህን ነበር። በኋላ ራሷን ስትመረምር፣ ልቧ የከዳት እዚያ ወንበር ላይ ሳለች እንደሆነ ደርሳበታለች።

ተራዋ ሲደርስ ጉዳይሽ ምንድን ነው አላት።

«ይህን ክፍል ለማስለቀቅ ነው የመጣሁት።»

አሁን ቀና አለ። ከአንገቷ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አየ፣ ፊቷን አየ፣ እዚያው ላይ ቀረ።

«ይግባኝ እላለሁ» አለ።

ለካ ተማሪዎቹ ስሙን ትተው «ይግባኝ» የሚሉት በምክንያት ነው። የፈተና ፕሮግራም ሲወጣ ይግባኝ ይላል፣ ክፍል ሲመደብለት ይግባኝ ይላል። ካፌ ውስጥ ሻዩ ቀዝቅዞ ቢመጣለት አስተናጋጁን አልፎ ባለቤቱ ዘንድ ይደርሳል እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በዚያ ክፍል ግን ለጠበቃ መክፈል የማይችል ሰው ሁሉ ነፃ የሕግ ምክር ያገኛል፤ ከፍተኛ ተማሪዎችም እውነተኛ ጉዳይ ይዘው የሚማሩት እዚያ ነው።

ክፍሉ ሳይለቀቅ ቀረ።

ዲንነት ከሩቅ ሲያዩት ማዕረግ ነው፤ ሲገቡበት የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ፍለጋ ነው። ጠዋት ውጤቴ ተበላሸ ብሎ የሚያለቅስ ተማሪ አለ። ረፋድ ላይ ሁለት ቦታ የሚሠራ መምህር ክፍሉን ባዶ ጥሎ ይጠፋል። ከሰዓት ደግሞ ሁለት ፕሮፌሰሮች በአንድ የመማሪያ ክፍል ይጣሉና ሁለቱም እሷ ዘንድ መጥተው ያኮርፋሉ። ብዙ ዓመት ሩቅ አገር ተምራ የተመለሰችው ስለ ፍትሕ ልታስተምር ነበር። አሁን ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ዛሬ ምን ሠራሁ ብላ ራሷን ብትጠይቅ የምትመልሰው አጣች። የተመለስኩት ለዚህ ነው እንዴ የሚለው ጥያቄ አልጋዋ ድረስ ይከተላታል።

እሱ ያን ጊዜ ነበር መመላለስ የጀመረው። መጀመሪያ ለክፍሉ ወንበር ጠየቀ፤ ከለከለችው። በማግስቱ ውሳኔዋን የሚቃወምባቸውን ምክንያቶች በጣቱ እየቆጠረ መጣ። ከዚያ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ከዚያ የመስኮት መጋረጃ። አንድ ቀን ምንም ሳይጠይቅ መጥቶ ተቀመጠ። እሷም ምን ፈለግህ አላለችውም። ሁለቱም በመስኮቱ ግቢውን ሲያዩ አመሹ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ዕቃ መጠየቁን ተወ፣ መምጣቱን ግን አልተወም።

ማንም እንዳያውቅ ተስማሙ። እሷ አለቃው ናት፤ የእሱ የሥራ ውል ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ለፋኩልቲው ጉባኤ ይቀርባል። ውሉ ይታደስ፣ ከዚያ ለሁሉም እንናገራለን አሉ። እስከዚያው ግን በሰው ፊት «እርስዎ» እየተባባሉ፣ ከግቢ ሲወጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተራርቀው እየሄዱ አንድ አውቶቡስ ላይ ይገናኛሉ። የሚያውቁት እናቷ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ነገሩ አልገባቸውም። «ሌላው ሰው ሲዋደድ ይጋባል። እናንተ ቀጠሮ ትሰጣላችሁ» ይሏት ነበር።

እወድሻለሁ ብሎ ደፍሮ የሚናገረው እሱ ነው። እሷ ቃሉ ከአፏ አይወጣላትም፤ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ተመዝግቧል» ትለዋለች። ይስቃል። ሳቁ እንደሚበቃት አሰበች፤ ለእሱም መልሷ እንደሚበቃው።

ነገሩ የተበላሸው ዩኒቨርሲቲው የግቢ ጥበቃዎቹን አንድ ላይ ያባረረ ጊዜ ነው። ጥበቃዎቹ በየጥጉ ሲያለቅሱ ከርመው በመጨረሻ እዚያችው የኮፒ ክፍል መጥተው ተሰለፉ። ይግባኝም ሳያቅማማ የገዛ ቀጣሪውን ከሰሰ፤ ረታም። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጥርሳቸውን ነከሱበት። ዲኗን አስጠርተው፣ አዲስ ሕንፃ የሚፈልግ ፋኩልቲ አመለኛ መምህር እንደማያቆይ በፈገግታ ነገሯት። አላዘዟትም። እንዲህ ያለው ሰው አያዝም።

ጉባኤው በውሉ መታደስ ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሥራውን ያከብርለታል፣ ግማሹ ለእንጀራው ይፈራል፤ ማን ወዴት እንዳዘነበለ በመምህራን ማረፊያ የማያውቅ አልነበረም። ድምፅ እኩል ሲሆን የሚቆርጠው ሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢዋ ደግሞ እሷ ናት።

በስብሰባው ዋዜማ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ይግባኝ ቢሮዋ መጣ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ መብራት አላበሩም።

«እኔ ነገ አልቀመጥም» አለችው። «በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ከችሎት ይነሳል። ለልጆቹ የማስተምረው ይህንን ነው።»

«አንቺ ከተነሳሽ የሚቀመጠው ምክትልሽ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ፕሬዚዳንቱ ሲያስነጥሳቸው መሐረብ የሚያቀብል ሰው ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ጠረጴዛዋ ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች ሰበሰበች። እሱም ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ያ ክፍል ከተዘጋ እነዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ወዴት እንደሚሄዱ ብቻ ጠየቃት።

«በመካከላችን ምንም ባይኖር ትቀመጪ ነበር?» አላት።

«እቀመጥ ነበር።»

«ድምፅሽንስ ለማን ትሰጪ ነበር?»

«ለአንተ። ሥራህን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ራሱን በዝግታ ነቀነቀ። የፈለገውን ከምስክር አፍ ያገኘ ጠበቃ እንደሚያደርገው፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምር ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ስብሰባው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው፣ ተመልሶ መጣና በሩን ዘጋ። አልተቀመጠም። ደክሞኛል አላት። በመንገድ ዳር እንደ ሌባ መደባበቁ፣ ቀጠሮው፣ «እርስዎ» መባባሉ ሰልችቶታል። ልቡ ከወጣ ቆይቷል፤ ልነግርሽ አቅም አጣሁ እንጂ አላት።

ፊቱ ላይ ቀልድ ፈለገች። አልነበረም።

«ሌላ ሰው አለ?»

«የለም። እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን ምንም የለም።»

ሌላ ሴት ብትሆን ምናልባት ትጠረጥር ነበር። እሷ ግን ይህን ቀን ከመጀመሪያው አንስቶ ስትፈራው ኖራለች። አንድ ቀን መደበቁ ይሰለቸዋል፣ የእኔም ዝምታ ይሰለቸዋል ስትል ነበር። የፈሩት ነገር በር ሲያንኳኳ መታወቂያ አይጠየቅም። እሺ አለችው። ሲወጣ ጫማውን እንጂ ፊቱን አላየችም።

ስለዚህ ተቀመጠች። የምትነሳበት ምክንያት አልነበራትም። አጀንዳውን በደረቅ ድምፅ አነበበች፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ዕድል ሰጠች፣ ማንንም አላቋረጠች። እጅ ሲወጣ በወሬ እንደተባለው ሆነ። እኩል ለእኩል። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ይውጣ ብላ አዘዘችው፤ አልወጣም። ካወጣሁት ስለምወደው ነው አለች በልቧ። ካላወጣሁት ደግሞ ዛሬ ጠዋት አንጀቴን ስለቆረጠው ነው። ሥራውን ብቻ የሚያይ እጅ ፈለገች፤ በሁለቱም ትከሻዋ በኩል አጣችው። በመካከላችን ምንም የለም ያለው እሱ ነው። እሷ ዘንድ ያለው አላለቀም፤ ሌላ ሰው አለቀ ስላለም አያልቅም።

ተነሳች።

«በዚህ ጉዳይ መወሰን አልችልም» አለች። «ሰውየውን እወደዋለሁ።»

ያን ቃል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥታ ተናገረችው። የሰሙት መነጽራቸውን የሚጠርጉ፣ ብዕራቸውን የሚያሽከረክሩ የጉባኤ አባላት ናቸው። አንዷ መምህርት አንገቷን ደፋች። ምክትሉ ግን ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ሰብሳቢው ወንበር ተዛወረ፣ «ይሁን እንግዲህ እህቴ» አላት በማዘን ዓይነት፤ ከዚያም ወዲያውኑ የሰብሳቢውን ድምፅ በተቃውሞ ሰጠ። እሷ ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ በግድግዳው ተደግፋ ነበር። በሩ ቀጭን ስለሆነ ሁሉንም ሰማችው።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። ወደ ኮፒው ክፍል ስትገባ ይግባኝ መጻሕፍቱን በካርቶን ይከታል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ሰዎቹን ለሌላ ቀን ቀጥሮ አሰናብቷቸዋል፤ ያ ሌላ ቀን እንደማይኖር እያወቀ።

ሲያያት ሳቀ። ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ጠፋበት።

«የዋሸሁት እኮ እንድትቀመጪ ብዬ ነው» አላት።

ወዲያው አልገባትም። ቀስ እያለ አስረዳት። ትናንት ምንም ባይኖር ኖሮ እቀመጥ ነበር ብለሽኛል። እንዳይኖር አደረግሁት። ማስመሰል መሆኑን ብነግርሽ አትቀመጪም፣ ስለዚህ ማመን ነበረብሽ። ስብሰባው ሲያልቅ መጥቼ እግርሽ ላይ ልወድቅ ነበር። ሌሊቱን ሲያሰላው አድሯል። አንድ ነገር ብቻ ሳያሰላ ቀረ፤ እሱ ቢተዋትም እሷ ልትወደው እንደምትችል።

ዲኗ በደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መደሰት እንደሚገባት ታውቃለች። የተባለው ሁሉ ውሸት ነበር፤ ይወዳታል። ከእንግዲህ አለቃው አይደለችም፤ የሚደበቅ ነገርም የለም። እሱም ይህንኑ ነበር የሚላት፤ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ አሁንማ ነፃ ነን፣ እናትሽ ዘንድ ዛሬውኑ እንሂድ እያለ። ፊቱን አየችው። የጠዋቱም ፊት ይኸው ነበር። አንድም መስመር አልተለወጠበትም።

«ጠዋትም እንዲህ ነበርክ» አለችው።

«እንዴት?»

«እንዲህ እውነተኛ። ከእንግዲህ እወድሻለሁ ስትለኝ፣ ይሄ ደግሞ ለየትኛው ጉዳይ ነው ብዬ ልጠይቅ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ።»

ሊከራከር አፉን ከፈተ። ተማሪዎቹ ቢያዩት አያምኑም፤ ክርክር አጣ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የያዘውን አወጣ።

«ለእነሱ ተናገርሽው» አላት። «ለእኔ አንድ ቀን እንኳን አላልሽኝም። ያን ቃል የሰማሁት ከጉባኤው ፀሐፊ ነው።»

አሁን ልትለው ፈለገች። እሱም እየጠበቀ እንደሆነ ዓይኑ ላይ አየች። ግን አሁን ቢባል ለማስታረቂያ ይሆናል፤ እሱም ለየትኛው ጉዳይ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አልተናገረችም። የግቢው ደወል ተደወለ፣ በኮሪደሩ የተማሪዎች ኮቴ አለፈ፤ ካርቶኑን አንስቶ በትከሻው በሩን ከፍቶ ወጣ።

እናቷ ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን ደግመው አጣፉ። ከዚያ፣ «ሁለታችሁም ትክክል ነበራችሁ ልጄ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲያለቅሱ እንዳታያቸው ነው።

የኮፒው ክፍል ተቆለፈ። እሷ ዲን ሆና ቀጠለች፤ ወንበሩን የሚፈልግ ሌላ ሰው አልነበረም። ትፈርማለች፣ ትታረቃለች፣ ታስታርቃለች። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ ቶሎ ብላ «ግቡ» ትላለች፤ የሚገባው ፕሮጀክተሩ የተቃጠለበት መምህር ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ስልክ ተደወለላት። ከሩቅ ከተማ ነው፤ የአንድ የሕግ ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ድምፅ። ከእርስዎ ዘንድ የነበረ አንድ መምህር ለሥራ አመልክቶ ነበር፣ ስለ እሱ ልጠይቅ ነው አሏት። ከተማችን ሩቅ ነው፣ አንዴ የመጣ ሰው ዓመታት ሳይመለስ ይቆያል አሏት። ዲኗ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ከሁሉ በፊት ግን» አሉ ሴትዮዋ፣ ሕግ ያስተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ «ከሰውየው ጋር ዝምድና ወይም ቅርበት አላችሁ?»

ሴትዮዋ ስልኩ የተቋረጠ መስሏቸው ሃሎ አሉ።

«የለንም» አለች ዲኗ።

መዋሸቷን ወይም እውነት መናገሯን ለመለየት አልቆመችም። ስለ ሥራው ነገረቻቸው። ስለ ጥበቃዎቹ ነገረቻቸው፣ ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ የት የት ችሎት እንደሚቆሙ ነገረቻቸው። በሕይወቷ ስለ ማንም ያን ያህል ተናግራ አታውቅም፤ በተናገረች ቁጥርም የሩቁ ከተማ በር ይበልጥ እየተከፈተለት እንደሆነ በሴትዮዋ ትንፋሽ ታውቅ ነበር።

«እንዲህ ያለውን ሰው» አሉ ሴትዮዋ በመጨረሻ፣ «እንዴት ለቀቃችሁት?»

«አንድ ድምፅ ጎደለው» አለች።