ትንፋሼን ይዤ ያየሁት

እኔ ሩዝ ነጋዴ ነኝ፣ በጥርሴ ሰብሬ ያላየሁትን አላምንም፤ ዛር፣ ጥላ፣ የሙት መንፈስ ሲሉኝ «እስቲ ናሙናውን አምጡ» ነበር የምለው። ይህንንም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ እስቅበት ነበር።

ኢሕአዴግ ገና ሳይፈርስ ነው። ያሳደገችኝን ታላቅ እህቴን፣ እታበባን፣ በጉንፋን ጀምሯት ትንፋሽ አጠራትና ወረታ አንድ ክሊኒክ አስተኛኋት። ዶክተሯ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ እግር ናት፤ አልትራሳውንዱን እየገፋች ስትመጣ እታበባ በሳሏ መሀል፣

«ምነው ልጄ፣ ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ለጎረቤት አረገዘች ልታሰኚኝ ነው?» አለቻት።

«ሳንባዎን ነው የማየው እማማ» አለች ልጅቱ እየሳቀች።

ቫይረስ ነው፣ ኦክስጅንና ጊዜ ነው የሚያድናት አለችን። ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ነጭ መስመሮች ነበሩ፤ ከበዙ ሳንባው ውሃ ይዟል፣ ካነሱ እየተሻላት ነው። ከላያቸው አንዲት ቀጭን መስመር በተነፈሰች ቁጥር ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። የእታበባ ትንፋሽ ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም ነበር፣ መስመሯም እንደዚያው። ነገሩ ቶሎ ገባኝ፤ እኛም ጆንያ ሳንፈታ በሹል ብረት ወግተን አይደል ውስጡን የምናየው።

በሦስተኛው ቀን በቀኝ ጎኗ መስመሮቹ ቀንሰው አየን። ዶክተሯ «ግራውንና ጀርባዋንም ልይ» ስትል፣ እታበባ «ወንድምዓለም፣ ደክሞኛል፣ አታገላብጡኝ» አለችኝ።

«ተያት ዶክተር፣ አንዱ ጎን ከተሻለው ሌላውም ያው ነው፣ ነገ ታያታለሽ» አልኩ፤ ዶክተሯ ወደ ባሕር ዳር ትልቁ ሆስፒታል እንውሰዳት ያለችውም በዚያው ቀረ። እመነኝ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተወጋ ጆንያ ገዝቼ አላውቅም፤ ጎን ጎኑን ሩዝ፣ መሀሉን ገለባ አድርጌ የሸጥኩበት ጊዜ ግን ነበር።

በማግስቱ ግራ ጎኗ በሙሉ ነጭ ሆኖ አገኘነው። መኪና እየተፈለገ ሳለ፣ በቀትር፣ እጄን እንደያዘች አረፈች።

ዶክተሯ በማዳመጫዋ አዳመጠች፣ አንገቷን ነካች፣ ከዚያ የአልትራሳውንዱን መዳሰሻ በግራ ጎኗ አሳረፈች። መስመሯ ትንሸራተታለች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

«ማሽኑ ነው» አለች፣ ድምፅዋ ግን ቀጠነ። አጥፍታ አበራችው፣ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ማሽኑን በእርስዎ ልሞክረው፣ እስቲ ሸሚዝዎን ይክፈቱ» አለችኝ። ቀዝቃዛውን ቅባት ግራ ጎኔ ላይ ቀባችና፣ «አሁን ትንፋሽዎን ይያዙ።»

ያዝኩ። ደረቴ ድንጋይ ሆነ። መስመሯ ግን ሁለቴ በአጭሩ ሄደች፣ ቆመች፣ ከዚያ ረጅሙን ተንሸራተተች።

«የልብዎ ምት ይሆናል» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ልብ እንደዚያ እየቆመ ይመታል ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ቄሱ ደርሰው፣ ሀገሬው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በአሥር ሰዓት ቀበርናት። እጇ ቀዝቅዞ ነበር፣ እኔው ነክቼዋለሁ፣ ይህንን ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

ዛሬ ጆንያ በሁለቱም ጎን፣ በመሀሉም እወጋለሁ፣ ደላሎቹ ይስቁብኛል። ብቻዬን ስሆን ደግሞ መዳፌን ግራ ጎኔ ላይ አድርጌ ትንፋሼን እይዛለሁ። አብዛኛውን ቀን ምንም የለም። አንዳንድ ቀን ግን ሁለቱ አጭር ይመጡና፣ ረጅሙን ስጠብቅ እኔው ትንፋሽ ያጥረኛል።