የአርሙኤ የመጨረሻ ፋኖስ

በአርሙኤ ሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት አንዷ፣ የጥንቷ ምድር ፀሐይ፣ በድንገት ተሸፈነች። ሕዝቡ በየጣሪያው ወጥቶ ቢያንጋጥጥ የሸፈናት ደመና አልነበረም። ደመና እንዲያ አይርመሰመስም።

የአርሙኤ ሰዎች አባቶች በሰማይ መርከብ ወደዚህች ዓለም ሲመጡ አገሩ የአናምርት ነበር፤ ፈረስ የሚያካክሉ፣ የሚያስቡና የሚናገሩ ነብሮች። ሁለቱ ወገኖች ተማምለው አብረው ኖሩ። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማሙም። ሰዎቹ ሲመሽ በየጣሪያቸው ፋኖስ አብርተው ወደ ጥንቷ ምድር ያዞሩ ነበር፤ አለን፣ ኑ ለማለት። አናምርቱም «ወዳጃችሁን ስትጠሩ ሌላም ይሰማል» ቢሏቸው፣ ነብር እሳት ይፈራል ብለው ሳቁባቸው። ያ ሳቅ ብዙ አስከፍሏቸዋል።

የሰማው ሌላ መጣ። ከከዋክብት ማዶ የወረደ፣ መልክ የሌለው፣ ብርሃን የሚበላ ፍጡር ነበርና ጽልመት አሉት። ፋኖስ የበራበትን መንደር ሁሉ ከነነዋሪው ዋጠ። ንግሥት አልጣሽ መብራት እንዲጠፋ አዋጅ አስነገሩ። የቀረው አባቶች የመጡባት መርከብ ባረፈችበት ተራራ አናት፣ በመርከቧ ልብ የሚነደው ታላቁ ፋኖስ ብቻ ነበር፤ እሱ እስከነደደ ድረስም ጽልመት ከአገሩ አይሄድም። የሚያጠፋው አንድ ቁልፍ ሲሆን፣ አንዴ ከጠፋ ዳግመኛ አይበራም። ቁልፉ ያለው በወጣቷ በፀዳለ አንገት ላይ ነው።

አባቷ ይርዳው የቀሩትን ወገኖች ሊያመጣ ወደ ጥንቷ ምድር ሲሄድ፣ በዚህ ፋኖስ ተመርቼ ስለምመለስ እንዳይጠፋ ብሎ ቁልፉንና ካባውን ትቶላት አስምሏታል። ንግሥቲቱ ሲያስጠሯት ነገሩ ገብቷት ቁልፉን በእጇ ጨብጣ ቀረበች። እሳቸው ግን አላዘዟትም።

«ልጄ፣ መሐላሽን አውቃለሁ። አፍርሺው የምልበት አፍ የለኝም። የሚያልቀውን ሕዝብ ግን አንቺም ታይዋለሽ።»

ፀዳለ አለቀሰች፤ አልቅሳም ተነሣች።

የአናምርቱ ሽማግሌ አባ ኡርጋ በጀርባቸው ተሸክመዋት ወጡ። የኮራን ገደል ዘለው፣ የድንጋይ ዛፎች የበቀሉበትን ሜዳ አቋርጠው ካናቱ ሲደርሱ ጽልመት ሊውጠው እየተቃረበ ፋኖሱን ከቦ ይዞር ነበር። ተራራው ከሥሩ ጠጠር አክሎ ታየ። ፀዳለ ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን መደነቋ በለጠ። በዚያ ግዝፈት ፊት ልቧ ዝም አለ።

ያን ጊዜ እሳት ይፈራሉ የተባሉት አባ ኡርጋ የሚነድ ችቦ ነክሰው ወደ ማዶ ሮጡ። ጽልመትም ፋኖሱን ትቶ ተከተላቸው። ፀዳለ በተከፈተላት መንገድ ገብታ «አባዬ፣ ይቅር በለኝ» አለችና ቁልፉን አዞረች።

አገሩ ጨለመ። ጽልመት ችቦውን ከሽማግሌው የዓይን ብርሃን ጋር ከዋጠ በኋላ የሚበላው አጥቶ ጥቂት ዳበሰ፤ ከዚያ ወደ መጣበት ተነሥቶ ሄደ። ከዋክብቱ ተመልሰው ታዩ፤ የጥንቷ ምድር ፀሐይም ከመካከላቸው ነበረች።

ፀዳለ ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ አቅፋ ስታለቅስ፣ የለበስሽው ካባ የማን ነው ብለው ጠየቋት። የአባቷ ነበር። አውልቃ ሰጠቻቸው፤ ረጅም ጊዜ አሸተቱት።

«አባትሽ ያለ ፋኖስ በየትኛውም በረሃ ይውረድ፣ በየትኛውም ጨለማ፣ በጠረኑ እናገኘዋለን» አሉ። «እኔ ባልደርስ ልጆቼ፣ እነሱም ባይደርሱ ደቦሎቻቸው።»

ሲነጋ ከተራራው ወረዱ። የአርሙኤ አናምርት ሁሉ ከተራራው ግርጌ እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። በየተራ እየቀረቡ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ካባውን አሸተቱ። ፀዳለ ክንዷ እስኪዝል ይዛላቸው ቆመች፤ ሰልፉ ግን ገና አላለቀም ነበር።