ነጭ ሽንኩርት የሸተተው ቀፎ

ኢዮሲያስ ነጭ ሽንኩርቱን በድንጋይ ጨፈለቀው። አንድ ራስ፣ ሁለት ራስ፣ ሦስት ራስ። ዓይኑ አለቀሰ፤ እጁ ግን አላቆመም።

ልጆች፣ ለወጥ እንዳይመስላችሁ። ኢዮሲያስ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ቤቱ ማንኪራ በምትባል መንደር፣ ጫካው ጥግ ነው። አሁን ያለው ግን በጎረቤቱ በጋሽ አባተ ግቢ ነው። እሳቸው ቦንጋ ገበያ ሄደዋል። አጠገቡ አዲስ ቀፎ ተጋድሟል። ጋሽ አባተ ንብ እንዲወደው መልካም ሽታ ባለው ቅጠል አጥነውታል፤ የቀረው ዛፍ ላይ መስቀል ብቻ ነው።

ንብ ክፉ ሽታ እንደማይወድ የማያውቅ የማንኪራ ልጅ የለም። ኢዮሲያስ እጁን ሰደደና የቀፎውን ውስጥ ሽንኩርት በሽንኩርት አደረገው።

ለምን? ነገሩ እንዲህ ነው። ሟች አባቱ የሠሩት ቀፎ ከጋሽ አባተ ቀፎ ጋር አንድ ዛፍ ላይ ነበር። ማሩ ሲደርስ ጋሽ አባተ ሁለቱንም አወረዱ። "ሁለቱም የኔ ናቸው" ብለው ማሉ። ሽማግሌዎች ምስክር ጠየቁ። ምስክር ጠፋ። ቀፎውም ማሩም እዚያው ጋሽ አባተ ጋ ቀረ።

እናቱ ታንጉት ግን ጋሽ አባተን ባየች ቁጥር "እንደምን አደሩ?" ትላለች።

"እማ፣ እንዴት ዝም ትያለሽ?"

"መች ዝም አልኩ? ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ተናገርኩ። ለእግዚአብሔርም በየቀኑ እነግረዋለሁ።"

"እና ምን አደረገልሽ?"

"እየሰማኝ ነው።"

ኢዮሲያስ መጠበቅ አቃተው። ሽንኩርቱም ከዚያ መጣ።

በማግስቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ለመዝሙር ሲያጨበጭብ፣ አጠገቡ የቆመችው ናዝራዊት አፍንጫዋን ያዘች። "አንተ! ወጥ ስትሠራ ነው እንዴ ያደርከው?"

ልጆቹ ሳቁ። እጁን ስንት ጊዜ ታጥቦት ነበር! አሁን ኪሱ ከተተው። ልጆች፣ እጅ ኪስ ውስጥ ሆኖ ይጨበጨባል? አይጨበጨብም። መዝሙሩ ሁሉ አለፈው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አባተ መጡ። በአንድ ትከሻቸው አሮጌ ቀፎ፣ በሌላው አዲሱን ይዘዋል።

"ታንጉት፣ በድያችኋለሁ" አሉ። "አሮጌውን ስፍቀው ከሰሙ ሥር ሦስት ጭረት ወጣ። የባልሽ ምልክት ነው። የኔ መስሎኝ ማልኩበት። ማሩንም አመጣለሁ። ባዶ እጄን መምጣት አሳፍሮኝ ይህን አዲሱን ለኢዮስ ሠራሁለት። ብቻ... ምን እንደነካው እንጃ፣ ይሸታል።"

ኢዮሲያስ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ማንም! እጁን አየ። ከዚያ ወደ ፊት ወጣ።

"ጋሽ አባተ፣ እኔ ነኝ። ሽንኩርት ቀባሁት። ተናድጄ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሽ አባተ ቀፎውን አሸተቱ። ልጁን አዩ። ሳቃቸው ፈነዳ።

"የገዛ ቀፎህን! በርበሬውን ረሳኸው እንጂ ወጥ ይወጣው ነበር! በል ና፣ እኔም ይቅርታህን እፈልጋለሁ።"

ተቃቀፉ። ታንጉት እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ቀፎውን አብረው አጠቡት። ፀሐይ ላይ ሰነበተ። እንደገና አጠኑት። ጋሽ አባተ ዛፉ ላይ ወጥተው ሰቀሉት፤ ኢዮሲያስ ከታች ገመዱን ያዘላቸው።

የጫካው አበባ ሲፈነዳ፣ አንድ ጠዋት ሰማዩ እምም አለ። ንቦቹ እንደ ደመና መጡና ቀፎውን ሞሉት።

"እማ! ገቡ! ገቡ እኮ!"

ኢዮሲያስ አጨበጨበ፤ በሁለት እጁ። እናቱ መዳፉን ይዛ አሸተተችውና ፈገግ አለች።

"ሽታው ለቀቀህ። ልጄ፣ ሲበድሉህ እውነቱን ተናገር፣ እግዚአብሔርንም ጠብቅ፤ ክፉን ግን በክፉ አትመልስ።"