የደሴት ሎጅ በቅሎ

የሎጁ ባለቤት የአንዳርጋቸው አስከሬን ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቃሬዛ ላይ ሲጋደም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ኢንስፔክተር ባንቻየሁ ከደባርቅ ስትደርስ ጥፋተኛው ተይዞ ጠበቃት። ኮንስታብል ምሥጋናው አስከሬን ሊያነሣ የወረደውን ሽማግሌ፣ በቅሎ ጫኙን ዋሴን፣ በካቴና አስሮ በመንደሩ መሀል እየነዳ ሎጁ ወዳለበት አምባ አውጥቶታል።

«ጥፋታቸው ምንድን ነው?»

«የኮርቻውን ጠፍር አላልቶ ጫነ። ኮርቻው ሲዞር ሰውየው ገደል ገቡ። ወንድማቸው አቶ ይግዛው ናቸው ያሳዩኝ።»

«አንተስ ምን አየህ?»

«ያሳዩኝን ነው» አለ ምሥጋናው። ባንቻየሁ ደሟ ፈላ፤ ሰው ካሰረ በኋላ ማስረጃ የሚፈልግ ፖሊስ አትወድም።

ሎጁ ሦስት ጎጆ ብቻ ነው። በክረምት ጉም ዙሪያውን ሲሞላው አምባው ብቻውን ብቅ ስለሚል ደሴት አሉት። መውጫና መግቢያው አንዲት የገደል ጠርዝ መንገድ ናት። በዚያ ጠዋት እንግዳ አልነበረም። ከሟቹ ሌላ እዚያ የነበሩት ሚስቱ ኮከብ፣ ታናሽ ወንድሙ ይግዛው፣ ወጥ ሠሪዋ እናናዬና ዋሴ ናቸው።

«አባቴ፣ ጠፍሩን አጥብቀውት ነበር?» ስትል ዋሴን ጠየቀችው።

«አርባ ዓመት ጭኛለሁ፣ ልጄ። ሁለቱንም ወንድማማቾች አሳድጌ በቅሎ ላይ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። አጥብቄዋለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እጄን አላምነውም። አንዳርጋቸውን የገደልሁት እኔ ብሆንስ?» አለና አለቀሰ።

እናናዬ ግን ተቆጥታ ነበር። «አያ ዋሴ ጋሼ አንዳርጋቸውን ከሸኘ ጀምሮ በቅሎዋ እስክትመለስ ከዓይኔ አልራቀም፤ እንጨት ሲፈልጥልኝ ነበር። በቅሎዋ ኮርቻዋ አጋድሎ ብቻዋን መጣች። ከልጓሟ የሚወርደውን ዛብ ልይዝ ብል እንደ ወትሮው በግራ የለም። ዞሬ በቀኝ በኩል ከኮርቻው ጋር ተቋጥሮ አገኘሁትና ፈትቼ አሰርኋት።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ!»

ባንቻየሁ ኮርቻ እንደተጫነች ወደ ቆመችው በቅሎ ሄዳ ዛቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዛቡ ግን ንጹሕ ነበር።

ኮከብ ከጎጆዋ ደጃፍ ፈቀቅ አላለችም። «በቅሎ እፈራለሁ» አለች። «ባሌ የሄደው ሎጁን ለመንደሩ ማኅበር ለማስተላለፍ ሊፈርም ነበር። ትናንት በዚሁ ከይግዛው ጋር ተጣልተዋል።»

ይግዛው ጋቢውን ተከናንቦ መጣ። «ጉንፋን ይዞኝ ጩኸት እስክሰማ ድረስ አልጋ ላይ ነበርሁ። ወንድሜን የበላው የዚያ ሽማግሌ ቸልተኝነት ነው! እኔን ምን ይጠይቁኛል?»

«በቅሎ ይነዳሉ?»

«ከልጅነቴ ወዲህ ነክቼም አላውቅ።»

ባንቻየሁ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በቅሎዋን ራሷ ስባ መሀል አቆመቻትና ምንም ሳትናገር ዛቡን መሬት ላይ ለቀቀችው። ከዚያ ቂጧን በጥፊ መታቻት። በቅሎዋ ዛቧን እየጎተተች ወደ ገደሉ መንገድ ሸመጠጠች።

ኮከብ ጮኻ ጎጆዋ ገባች። ዋሴ የታሰሩ እጆቹን አንሥቶ «ዛቧን! ትሰናከላለች!» አለ።

ይግዛው ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። በቅሎዋን በቀኝ በኩል ቀደማት፤ ዛቡን በግራ እጁ አፈፍ አድርጎ ከኮርቻው ጋር ቋጠረው። ቋጥሮ ሲያበቃ ነው እጁን ያየው።

«ጉንፋንዎ ተሻለዎ?» አለች ባንቻየሁ።

«ከልጅነቱ በግራው ነው» አለ ዋሴ በቀስታ። «መቋጠር ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

«ሰው ከበቅሎ ሲወድቅ ዛቡ ጭቃ ለጭቃ ይጎተታል» አለች ባንቻየሁ። «የዚህች ዛብ ግን ንጹሕ ነው። አንዳርጋቸው ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው እንዳትሰናከል ብሎ ቋጥሮላታል። ዋሴ እናናዬ ፊት እንጨት ይፈልጡ ነበር፤ እሷም አብራቸው ነበረች። ወይዘሮ ኮከብ ከበቅሎ ሲሸሹ አሁን አይታችኋል። የቀረኸው አንተ ነህ፣ ይግዛው። ወንድምህን ገፋኸው። ከዚያ በኋላ ጠፍሩን ያላላኸው ጥፋቱን ዋሴ ላይ ለመጣል ነው። ዛቡን ግን እጅህ ሳታዘው ቋጠረው።»

«የአባታችንን አምባ ለመንደር ሊያድለው ነበር!» ብሎ ጮኸ ይግዛው።

«ለበቅሎዋ እግር አዘንህ!» አለች ባንቻየሁ በንዴት። «ለወንድምህ አላዘንህም። ያሳደገህን ሰው ወህኒ ስትሰድም አላዘንህም!» የራሷን ካቴና አውጥታ አሰረችው።

«ታዲያ አጥብቄው ነበር?» ሲል ጠየቃት ዋሴ።

«አጥብቀውት ነበር፣ አባቴ።»

ምሥጋናው አንገቱን ደፍቶ በቁልፉ ሊፈታው ቀረበ። ዋሴ እጁን ሰበሰበ።

«አይሆንም! ስታስረኝ መንደሩ ሁሉ አይቷል፤ ልጄም አይታለች። ሂድና ጥራቸው። በፊታቸው ትፈታኛለህ።»

ኮንስታብሉ ወደ አለቃው ዞረ።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው። «ሂድ ጥራቸው!»

ምሥጋናው መንገዱን ተያያዘው። ዋሴም ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ በቅሎዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቃቸው።