የግንቡ ዘበኛ መልእክት

ሦስተኛውን መልእክት ኤልቤቴል አልጻፈችውም።

የዕረፍት ሰዓት ነበር። ዝናቡ የስምንተኛ ሐ ክፍልን ቆርቆሮ ስለሚደበድበው ማንም ወደ ሜዳ አልወጣም። ነብዩ ከካልሲው ውስጥ የደበቀውን ስልክ አውጥቶ ከዴስኩ ሥር አቀበላት። «ለማንም እንዳታወሪ» አላት በጆሮዋ፤ ደስታው ድምፁን አቅጥኖት ነበር።

«ነብዩ፣ ተመርጠሃል። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከተዘጋው ቡና ማጠቢያ ጀርባ ጠብቅ። ብቻህን ና። ስትመጣ ስልክህን አጥፋ። ለቤተሰቡ የተናገረ ይሰረዛል። የግንቡ ዘበኛ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወር በፊት፣ «የጨው ግንብ» የሚባል ጌም እንደሚወጣ በሰሙ ጊዜ ነው። የተለቀቀው የአንድ ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ ብቻ ነበር፤ በረሃ መሃል የቆመ ነጭ ግንብ፣ ፋኖስ ያንጠለጠለች ተዋጊ፣ ከአሸዋው ሥር ቀስ ብሎ የሚገለጥ የአውሬ ዓይን። የሚወጣበት ቀን አልተነገረም። ምናልባት ሦስት ዓመት፣ ምናልባትም አምስት። ክፍሉ ግን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ማን ጠንቋይ፣ ማን ቀስተኛ እንደሚሆን ተከፋፍለው ጨርሰዋል። ነብዩ የራሱን ተዋጊ ከነጋሻው በሒሳብ ደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ ሥሎታል።

ቀልዱን ያመጣው ጆሲ ነው። ከኤልቤቴል ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የተማሩት፤ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ልጅ ነው። እሱ የቴሌግራም ቻናል ከፈተ፤ እሷ ጻፈች። ጌሙን የሚሠራው ካምፓኒ ከከተማቸው ከዲላ አምስት ልጆችን መርጦ ጌሙን ቀድመው እንዲሞክሩት ያደርጋል አለች። «የግንቡ ዘበኛ» የሚለውን ስም ያወጣችውም እሷ ናት። ለአንድ ቀን ሊስቁ ነበር። ግን ሁሉም አመኑ፤ ማመናቸውም ደስ አላት። ሁለተኛውን መልእክት ጻፈች፦ መመረጥ የሚፈልግ ፎቶውን፣ ስልክ ቁጥሩንና ሰፈሩን ይላክ። አርባ ሦስት ልጆች ላኩ።

ከትምህርት በኋላ ጆሲን በር ላይ ያዘችው።

«ለነብዩ ያንን ለምን ጻፍክለት? ሙድ እየያዝክበት ከሆነ ይበቃል።»

«ምን ጻፍኩለት?»

ስትነግረው ፈገግታው ጠፋ። «እኔ አይደለሁም። እማዬ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም።» ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። «አንድ ሰው በውስጥ መስመር ጽፎልኝ ነበር። ከካምፓኒው ነኝ አለኝ። ‹ውሸታችሁን አውቄባችኋለሁ፤ ግን እውነት እናደርገዋለን› አለ። ጌሙን አስቀድሜ እሰጥሃለሁ ሲለኝ...»

«ሲልህ ምን አደረግህ?»

«የልጆቹን ፎቶና ስልክ ጠየቀኝ። ላክሁለት።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

«በምን ቋንቋ ነው የጻፈልህ?»

«በአማርኛ ነዋ።»

«ጆሲ፣ ውጭ አገር ያለ ካምፓኒ እዚህ የተዘጋ ቡና ማጠቢያ መኖሩን በምን ያውቃል?»

አንድ ባጃጅ ውሃ እየረጨ በአጠገባቸው አለፈ፤ ሁለቱም ዞረው የሹፌሩን ፊት አዩ። ከዚያ በኋላ እስከ ቤቷ ድረስ ኤልቤቴል ያላየችው የወንድ ፊት አልነበረም።

አርብ ጠዋት ለነብዩ እውነቱን ነገረችው። «ዘበኛ የሚባል የለም። እኔና ጆሲ ነን የፈጠርነው። ይሄኛው ግን ማን እንደሆነ አናውቅም። እንዳትሄድ።»

ነብዩ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። «ስላልተመረጥሽ ነው አይደል?»

«ነብዬ፣ ስማኝ...»

«እሱም ነግሮኛል። ‹የሚቀኑ ጓደኞች ውሸት ነው ይሉሃል፤ አትስማቸው› ብሎኛል። ትናንት ስንት ሰዓት አወራን!» ደብተሩን ሰብስቦ የፊተኛው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

ኤልቤቴል የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ አልሰማችውም። የሷ ውሸት ከሷ እውነት ይልቅ ታምኖ ነበር።

«ቻናሉን አጥፍቼዋለሁ» አላት ጆሲ ሲወጡ። «አበቃ። ዝም እንበል።»

«ነብዩስ?»

«ይፈራል፤ አይሄድም። አቦ ኤልቢ፣ ከተናገርሽ ሁለታችንም እንባረራለን። አባትሽ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ምን እንደሚሰማቸው አስቢ እንጂ!»

አሰበች። አስባም መንገዱን ተሻገረች።

የነብዩ እናት ወይዘሮ ብዙነሽ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። «ነይ የኔ ልጅ፣ ምን ላባዛልሽ?» አሏት ቀና ሳይሉ።

«የሚባዛ የለኝም፣ እትዬ ብዙነሽ። ስለ ነብዩ ነው።» «መጀመሪያ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱን ልንገርዎት፤ ከዚያ ሌላውን።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። ማሽኑ ወረቀት መትፋቱን ቀጠለ፤ ወረቀቱ ሞልቶ መሬት ላይ ሲረግፍ ወይዘሮ ብዙነሽ አላነሱትም። ስትጨርስ አልጮሁባትም። ሱቁን ዘግተው፣ እጇን ጥብቅ አድርገው ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷት።

ቅዳሜ ነብዩ ቤት ተቆለፈበት። ሁለት ፖሊሶች ከአጎቱ ጋር ቡና ማጠቢያው ድረስ ሄዱ። ማንም አልነበረም። ከግድግዳው ጀርባ ግን ጭቃው ላይ አዲስ የሞተር ጎማ ምልክት፣ አጠገቡም ዝናብ ያልነካቸው የሲጋራ ቁራጮች ተገኙ። አጎቱ ቆጠራቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። አንድ ሰው ረጅም ጊዜ ቆሞ ጠብቋል።

ሰኞ ኤልቤቴልና ጆሲ ለሁለት ሳምንት ከትምህርት ታገዱ። ጆሲ ስልኳን አያነሳም። ነብዩ በመንገድ ሲያያት ፊቱን ያዞራል። አባቷ ከአርብ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱላትም፤ እራት ላይ ሲጸልዩ ብቻ ድምፃቸውን ትሰማለች።

ረቡዕ ከሰዓት ስልኳ ነዘረ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ፎቶ ነበር፤ የቤታቸው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ከመንገዱ ማዶ የተነሳ። ከሥሩ፦ «ማን እንደተናገረ አውቃለሁ። አሁን ግን ዝም ትያለሽ።»

ተነሥታ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። መንገዱ ላይ ሙዝ የጫነ ጋሪ ብቻ ይሄዳል። ተመልሳ ተቀመጠች። ጣቷ «አጥፋ» የሚለው ላይ አረፈ። ብታጠፋው ቤቱ ውስጥ ያለው ዝምታ በዚሁ ያልፋል፤ አባቷም አንድ ቀን መልሰው ያናግሯታል። አርባ ሦስቱን ልጆች አሰበች፤ የአብዛኞቹን ሰፈር ታውቀዋለች።

አባቷ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ጎንበስ ብለው ያርማሉ። የእግሯን ድምፅ ቢሰሙም ቀና አላሉም።

«አባዬ» አለች። ስልኩን ዘረጋችላቸው። «ሌላም መጥቷል።»

አባቷ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ተቀበሏት።