ያልበራችው ቀይ መብራት

ኢንስፔክተር ሙቢና ወደ አውሮፕላን ማቆሚያው ሃንጋር ስትገባ አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኗል። ካፒቴን ወልደጻድቅ ዕድሜያቸውን በአርሲ ስንዴ ላይ መድኃኒት ሲረጩ የኖሩ አብራሪ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ያረጀች ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ገዝተው ከአሰላ ወጣ ብሎ ካለ ማሳ ዳር አቆሟት። የጭላሎ ብርድ ዘይቷን ስለሚያወፍረው፣ እንዲላላ ጠዋት ጠዋት ፕሮፔለሯን፣ አፍንጫዋ ላይ ያለውን መዘውር፣ በእጃቸው ያዞራሉ። ዛሬም ሲያዞሩ ሞተሯ አንዴ ተፈናጥራ ተነሳችና ፕሮፔለሩ ጭንቅላታቸውን መታቸው።

ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ጣት ለመቀሰር አልሰነፉም። የአሰላው የመኪና ኤሌክትሪሻን ኢርሻድ በቅርቡ የክንፎቿን አሮጌ አምፑሎች አውጥቶ በኤል.ኢ.ዲ. ቀይሯል፤ ግራው ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ። የሞተሩ ቁልፍ ወደ ማጥፊያው ዞሮ ስለተገኘ፣ ሞተሩን ያስነሳው የእሱ ሽቦ ነው ተባለ። ኢርሻድ በካቴና ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች።

«ምንድን ነው የነካካኸው?» አለችው ሙቢና።

«ድሮ መብራቷና ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ነበር የሚሠሩት። ሞተሩ ሲነሳ አዲሱን መብራት እንዳያቃጥለው ለብቻው ማብሪያ አበጀሁለት። ወላሂ ሌላ አልነካሁም።»

«ለካፒቴኑ ነገርካቸው?»

«አልነበሩም። ለታላቃቸው ለጋሽ ገብረ መድህን ነገርኩ። ለታላቅ ከተነገረ ቤቱ ሰማ ማለት አይደል?»

ጋሽ ገብረ መድህን ከዘራቸውን ተደግፈው ግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል።

«የሚይዘው ቢያጣ ነው እንጂ ምንም አልነገረኝም» አሉ።

«ከወንድምዎ ጋር ትነጋገሩ ነበር?»

«ቤታችን እዚሁ ማሳ ዳር አጥር ለአጥር ነው፤ ግን ከእናታችን ተዝካር ወዲህ ተኳርፈናል። ታናሽ እሱ ነው፣ ይቅርታ ብሎ የሚመጣውም እሱ ነው። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

የሟች ባለቤት ወይዘሮ አልጣሽ ድምፃቸው ተዘግቷል። «ዓይኑ ደክሞ ስለነበር የሚተማመነው በመብራቷ ነው» አሉ። «‹ቀይዋ ካልበራች ሞተሯ ተኝታለች› ይል ነበር። እዚህ ቤት ይህን የማያውቅ የለም። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሜዳው ላይ አስነሳት። መብራቷ ከተቀየረ ወዲህ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያው ነው። ሲያበቃ እንደ ልማዱ ነዳጁን ዘግቶ አጠፋት።»

ዘበኛው ዲሪባ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ ተራውን ሲጠብቅ ቆይቷል።

«ድምፅ ስሰማ ሮጬ ገባሁ» አለ። «ኦቦ ወልደጻድቅ ከፕሮፔለሩ ሥር ወድቀዋል። መብራቷን አየሁ፣ አልበራችም። ፕሮፔለሩን ገፍቼ ላወጣቸው ስል ጋሽ ገብረ መድህን ከኋላዬ ‹እንዳትነካ› አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«እጃቸውን ወደ አውሮፕላኗ ውስጥ ሰደዱ። ከዚያ ‹አሁን ግፋ› አሉኝ።»

ሙቢና ቀና ብላ የጨለመችውን መብራት አየች። ነገሩ ገባት፤ መግባቱ ግን ደስ አላሰኛትም። ሁሉንም ክንፏ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ካፒቴኑ ትናንት ሞተሩን ያጠፉት በነዳጅ ነው፤ ቁልፉ እንደበራ ቀረ» አለች። «በዚያ ፀሐይ መብራቷን ልብ የሚል የለም። ዛሬ ከበሩ ላይ ሲያዩ ቀይዋ አልበራችም። ድሮ ቢሆን ትበራ ነበር፣ እሳቸውም ገብተው ቁልፉን ያጠፉ ነበር። ቁልፉ በርቶ ፕሮፔለሩ በእጅ ሲዞር ሞተሩ እሳት ይረጫል፤ ውስጡ የቀረችው ጠብታ ነዳጅ ለአንድ ምት በቃች።»

«ቁልፉ ጠፍቶ ነው የተገኘው እኮ» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

«የጠፋው ከሞቱ በኋላ ነው። ዲሪባ መብራቷን አይቶ አመነ፤ እርስዎም ቢሆኑ ያምኑ ነበር። መብራቷን ትቶ ቁልፉን የፈለገ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መብራቷ ለብቻዋ እንደሆነች የተነገረው ሰው።» ወደ ጋሽ ገብረ መድህን ዞረች። «ዲሪባን አዳኑት፣ ጋሼ። የተጋለጡትም በዚያው ነው።»

ሽማግሌው ዲሪባን፣ ቀጥሎ ኢርሻድን አዩ። መካድ ይችሉ ነበር፤ የዘበኛ ቃል ከእሳቸው ቃል አይበልጥም። ኢርሻድ ከነካቴናው ያያቸዋል።

«ነግሮኛል» አሉ። «ልጁን ፍቱት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

«መብራቷ እንቢ ስትለው ኢርሻድን ይጠይቃል፣ ኢርሻድ ወደ እኔ ይልከዋል፣ ደጄን ያንኳኳል ብዬ ነው። እሱን የሚያመጣልኝ ሰበብ አጥቼ ኖሬ፣ ይኼ ተገኘልኝ።»

የኢርሻድ ካቴና ተፈታ። ጋሽ ገብረ መድህን ከዘራቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን ለሙቢና ዘረጉ።

«እሰሪኝ።»

ሙቢና ካቴናውን እንደያዘች ቀረች። ሌባም ነፍሰ ገዳይም አስራ ታውቃለች፤ ወንድሙ ደጁን እስኪያንኳኳ የጠበቀን ሰው ግን ምን እንደምታደርገው ጨነቃት።

«ለዚህ የሚሆን እስር ቤት የለኝም፣ ጋሼ» አለች።

እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ወደ አስከሬኑ ሄደው ተንበረከኩ፣ ጋቢውንም ከፊቱ ላይ ገለጥ አደረጉ።

«ወልዴ» አሉት፣ «መብራቷን አትመናት።»